በአረካው አውቶቡስ የሳቅነው ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ጠራ። ጥቂት አዳመጠችና ስልኩ ከእጇ ወደቀ። አባቷ ሞቶ ኖሯል። ሹፌሩ ጩኸቷን ሰምቶ መኪናውን ዳር አስያዘ። አጠገቤ የነበረው የመጨረሻው ልጄ፣ «አባዬ፣ እንዴት በስልክ ይነግሯታል? በእናንተ ጊዜ እንዲህ አይደረግም ነበር አይደል?» አለኝ። እኔ ለልጆቼ መልስ የማጣ አባት አይደለሁም፤ እንዲያውም ሳንጠይቀውም ይመልሳል እያሉ ያሙኛል። ያን ቀን ግን መልሱን ትቼ አንድ የድሮ አውቶቡስ አስታወስኩ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሞባይል ገና አገራችን አልገባም። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አረካ እያደርኩ ሶዶ አንድ እንጨት ሥራ ቤት እውል ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ፣ በመንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአረካ ተነሥቶ፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ከሶዶ የሚመለስ አሮጌ አውቶቡስ ነበረን። በየቀኑ የምንሳፈር ሰዎች ቦታችንን የወሰነልን ሳይኖር እናውቀዋለን። ቅቤ ነጋዴዋ እቴ አለሚቱ ቅቤዋ እንዳይቀልጥባት ከሞተሩ ርቃ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። አረካ ሱቅ ያላቸው፣ ዘራቸው ከስልጤ የሆነው ጋሼ ሸምሱ ከኋላ፣ ሶዶ ከጅምላ መደብር ያመጡትን ዕቃ ታቅፈው። እኔና ዳና መሐል።

ዳና የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር፤ የአውቶቡሱም ሳቅ እሱ ነው። ለሁላችንም ቅጽል አውጥቶልናል። እኔ ሰው ሲዋሽ ካየሁ ስለማላልፍ፣ ገበያ መልስ ሴቶቹን እንኳ «ስንት እንደገዛሽ ለምን ትዋሻለሽ?» እያልኩ ስለማስቸግር፣ «ዳኛው» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

የጥር ወር ነበር፤ ቀዩ አቧራ ጥርስ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መናኸሪያ ስደርስ እቴ አለሚቱ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ጋሼ ሸምሱ ቀድመው ቆመዋል።

«የዳና እናት ጠዋት አረፈች» አለች በሹክሹክታ። «አጎቱ ሰው ልኮብኛል። ይዛችሁት ኑ፣ መንገድ ላይ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ ብሏል። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው።»

ወጉ ይህ ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ሰው አገሩ ገብቶ፣ የሚደግፈው ዘመድ በዙሪያው ቆሞ ነው የሚረዳው። እኔ ግን፣ «ከጠየቀኝ አልዋሽም» አልኩ።

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል እንጂ» አሉኝ ጋሼ ሸምሱ።

ወዲያው ዳና መጣ፤ ሲስቅ ከሩቅ ይታያል። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ዳኛው፣ እንኳን አገኘሁህ! ዛሬ አልሄድም፤ እዚሁ ሶዶ አድሬ ነገ በጠዋት ቦዲቲ ከተማ ሚዜ ነኝ። ይህችን ለእናቴ አድርስልኝ። ጥርስ ስለሌላት ለስላሳውን መርጬ ነው።»

ዳቦው እጄን ያቃጥለኛል። እቴ አለሚቱ ቀደመችኝ።

«ምን ሚዜ ነው፣ ዝም ብለህ ግባ!»

«ምነው እቴ፣ ራስሽ ልትድሪኝ ነው እንዴ?»

«እኔ ብድርህስ ማን ይቀበልሃል!»

ስቆ ዞረና መንገድ ጀመረ። በማለዳ ቦዲቲ ከሄደ ማንም አያገኘውም፤ እናቱ ያለ እሱ ልትቀበር ነው። ጋሼ ሸምሱ አዩኝ። እኔም፣ «ዳና!» ብዬ ተጣራሁ። «የሚዜዎቹ ኮት አረካ ነው። ሙሽራው ምሳ ሰዓት ሥራ ቤት መጥቶ፣ ዛሬ ሄዶ ይለካ፣ ነገ ከዚያው አብረን እንነሣለን ብሏል።»

«እኔ ጋ ሳይመጣ?»

«ቢሮህን ተዘግቶ አገኘው።»

አንዱ ውሸት ወንድሙን ይጠራል። ሌላ ሰው ቢነግረው አጣርቶ ነበር፤ እኔ ስለሆንኩ አመነ። ገባና ቦታው ተቀመጠ።

መንገዱ ያን ቀን አላልቅ አለ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አቧራው ሲገባ እዘጋለሁ። ዳና «እኔ ራሴ ከሄድኩማ ለእሷ ግማሹ ይበቃታል» ብሎ ዳቦውን ከእጄ ወሰደና ቆርሶ አደለን። እንቢ ብንል ይጠረጥራል፤ በላን። እቴ አለሚቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አኘከች።

ከዚያ ቀልዱን ጀመረ። እናቱ በሚዜ ኮት ስታየው የምትለውን በእሷ ድምፅ፣ ጥርስ በሌለው አፍ እያስመሰለ፣ «ኧረ ይሄ የማን ልጅ ነው? አንተ! የሰው ኮት መልስ፣ ሌባ ተብለህ ትታሰራለህ!» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እቴ አለሚቱና ጋሼ ሸምሱ እንዳይጠረጥር ብለው ይሆናል። እኔ ግን ከልቤ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ቁርጥ እሷን ነበር የመሰለው።

አረካ ስንደርስ አጎቱ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መናኸሪያው ውስጥ ቆመዋል። ዳና በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። አጎቱን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ እኔን ብቻ። ቀሪው ዳቦ በብብቱ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ፤ ግን አይቀልድም። እቴ አለሚቱ «ምነው ልጄ፣ አንድ ነገር በልልን እንጂ» ብትለው ፈገግ ብሎ ወደ ዳሞታ ተራራ ይመለከታል። አንድ ጠዋት ድንገት ጠየቀኝ።

«መዋሸትህ አልከፋኝም። እናቴን በእጄ ቀብሬያለሁ፤ አመሰግንሃለሁ። ግን ስትስቅ አይቼሃለሁ። የማስመሰል ሳቅ ነበር?»

አዎ ብዬ ብመልስለት ይበቃው ነበር። እኔ ግን ወደ ዳኝነቴ ተመለስኩ።

«አይደለም» አልኩ። «ከልቤ ነው። ለትንሽ ጊዜ ረስቼው ነበር።»

«መሞቷን?»

«አዎ።»

በማግሥቱ ሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። በዓመቱ ሥራ ተዛውሮ ሄደ።

ሰው ግን የሚያስታውሰው ሌላውን ነው። «ምሥጢር የሚችል ልጅ» ተባልኩ። ዛሬም በሰፈራችን መርዶ ሲኖር ሽማግሌዎች እኔን ይጠራሉ፤ ሐዘንተኛውን ካለበት አምጣልን ይሉኛል። እሄዳለሁ። ውሸት ትንሽ የለውም እያልኩ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ አሁንም እላለሁ፤ ያን የኮቱን ውሸት ግን ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ። በኋላ የተናገርኩትን እውነት ልድገመው ወይስ ልተወው እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ይዤ መንገድ ስገባ፣ የፈለገውን ያህል ቢቀልድ አልስቅም። አንዳንዱ ይናደዳል። «አንተ ሰውዬ፣ ሳቅ ሲፈጠር አልነበርክም እንዴ?» ይለኛል።

ይበል።