የዳኛው ጾም

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይህን የምናገረው ራሴን በራሴ የት እንዳደረስኩ እንዲታወቅ ነው። ያረጀሁት ዊንጌት አካባቢ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው። የታመመ ራዲዮ ሳልፈታ፣ ድምፁን ሰምቼ ብቻ በሽታውን እናገራለሁ። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች በገዛኋቸው መጻሕፍት ላይ አዋልኩት። ሕግ አነበብኩ፣ ታሪክ አነበብኩ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ሰው ገላ አነበብኩ። በሰፈራችን ሆዱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቼ የምልክ እኔ ነበርኩ።

የታሰርኩት በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ በጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ተጨብጭቦልኛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለት ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው «አባባ፣ ለአንድ አፍታ እንፈልግዎታለን» አሉኝ። ያ አፍታ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ።

የገባሁበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከፍ ብሎ አንዲት መስኮት አለችው፤ ጥግ ላይ በኮምፔርሳቶ የተከደነ ባልዲ ይቀመጣል። ሁሉም እርጥብ ልብስ ይሸታል። ከመጥበቡ የተነሣ ግማሾቻችን ስንጋደም ግማሾቻችን እንቆማለን፤ በተራ ነው። ሽንት ቤት የምንወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ በሉ!» እያለ።

ወጣቶቹ አንድ ሕግ አውጥተው ጠበቁኝ። በክፍሉ ውስጥ ንፋስ የለቀቀ ሰው የመጋደም ተራውን ያጣል፤ ተራው እስኪያልፍ ባልዲው አጠገብ ይቆማል። ሕጉን ባልወደውም ዳኛ አድርገው ሲመርጡኝ አልተቃወምኩም። ጥሩ ፈረድኩ። የከሰሰውም የተከሰሰውም ከት ብሎ ስቆ ነበር የሚለየኝ።

ከዚያ እሳቸው መጡ።

ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለ አንድ ሰፈር የመጡ የእድር ዳኛ ናቸው። ረጅም ሰው ነበሩ፤ የለበሱት ነጭ ጋቢ እዚያ ቤት ውስጥ እንኳ አልቆሽሽ ያለ። ገና በሩን ሲያልፉ ወጣቶቹ ብድግ አሉ። እኔ ስገባ ማንም አልተነሣም ነበር። ቦታ ስለጠበበ ነው ብዬ ነበር። ለእሳቸው ግን ቦታ ተገኘ።

ሳይመሽ ዳኝነቱም ሄደ። «አባባ፣ አይቀየሙን፤ እሳቸው እኮ የእውነት ዳኛ ናቸው» አለኝ ከወጣቶቹ አንዱ፣ ፂማም ልጅ ነው። አልተቀየምኩም አልኩት። እሳቸው ሲፈርዱ ማንም አይስቅም ነበር። ፍርዱን ሰምቶ «እሺ አባቴ» ብሎ ባልዲው ጋ ይቆማል። እኔን ያንገበገበኝ ያ «አባቴ» ነው። እኔ አባባ ነበርኩ፤ አባባ ማለት ታክሲ ውስጥ ለማንም ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ ዳኛው መብላት አቆሙ። ከቤት የሚመጣላቸውን ሰሃን ከፍተው፣ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው፣ «ብሉ ልጆቼ» ብለው ያስተላልፉታል። ፂማሙ አንድ ቀን በሹክሹክታ «እየጾሙልን ነው፤ እኛ ካልተፈታን ላይበሉ ነው» አለ። ወሬው ክፍሉን ለመዞር ጊዜ አልወሰደበትም። ሰዎች ለበረከት የዳኛውን ጋቢ ሲነኩ አየሁ።

እኔ ግን የምጋደመው አጠገባቸው ነው። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ፀጥ ሲል ሆዳቸው ጣቢያ እንደሚፈልግ ራዲዮ ይንጎራጎራል፣ ይንጫጫል፣ ያፏጫል። የጾመኛ ሆድ እንዴት እንደሚጮኽ አላጣሁትም። ይህ የተነፋ ሆድ ነው።

«ያስመልስዎታል?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«የለም።»

«ደም አይተዋል? ትኩሳትስ? አላስቀምጥ የሚል ቁርጠት?»

«የለም አልኩዎት። ይነፋኛል፣ በቃ።»

«ንፋሱ ይወጣል?»

ዞር ብለው አዩኝ። «እዚህ? በሰው ፊት?»

«ሽንት ቤት ስንወጣስ?»

«ፖሊስ እያጣደፈኝ እምቢ ይለኛል።»

ነገርኳቸው። ሆድ መጮኹ አይክፋዎት፤ የሚጮኽ ሆድ የሚሠራ ሆድ ነው። የሚያስፈራው ተነፍቶ ጭጭ ያለው፣ የሚያስመልሰው፣ ንፋስም ሰገራም የከለከለው ነው። የእሳቸው የመጣው ከመቀመጥ፣ ከቀዘቀዘ ሽሮና ባቄላ፣ ተጣድፎ ከመዋጥ፣ ከምንም በላይ ከመያዝ ነው። «ይልቀቁት» አልኳቸው።

«ትናንት የፈረድኩበት ልጅ እያየኝ?» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ካልበላሁ አይነፋኝም። ደግሞ ለማንም እንዳይተነፍሱ።»

አልማልኩላቸውም። እውነቱን ልናገር፦ በሆድ መነፋት የቅድስና ስም ሲያተርፉ ማየት ከረኀብ በላይ በላኝ። እኔ ስንት ዓመት አንብቤ ያላገኘሁትን ክብር እሳቸው ባቄላ ባለመፍጨት አገኙት።

በማግስቱ ግን ፂማሙ ሰሃኑን ሳይነካ መለሰ። ጨጓራ ያለበት አንድ ቀጭን ልጅም ተከተለው። ዳኛው «ብሉ እንጂ!» ቢሉ ልጆቹ ይባስ ሰሃናቸውን ገፉ። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ነበር።

«አባባ ግን አፍዎን ዘግተው አያውቁም» አለ ፂማሙ።

ሌላው ቀጠለ፦ «ተዋቸው፤ ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ሲባል አልሰማህም?»

ክፍሉ ሳቀ። በእኔ። እንጀራዬን አስቀመጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። «ዳኛችሁ የሚጾሙት…» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉም ዘወር አለ። ዳኛው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቀበቶአቸውን በጋቢው ሥር ፈትተው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ ያዩኛል። ልመና አልነበረም፤ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር።

ያን ጊዜ ነው ንፋሱ ያመለጣቸው። አጭር አልነበረም።

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። አጠገብ ለአጠገብ ስለነበርን ከየት እንደመጣ ለመለየት አንድ አፍታ ያስፈልጋል። ያቺን አፍታ ቀደምኳት።

«እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ።

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። «ወደ ባልዲው! ወደ ባልዲው!»

«እሄዳለሁ» አልኩ፤ «መጀመሪያ ግን ተከሳሽ ይናገራል። ሕግ አንብቤያለሁ።» ተናገርኩም። ሰው ሁሉ በየቀኑ ንፋስ እንዳለው፣ ንጉሥም ሆነ ወታደር ከዚህ እንደማያመልጥ፣ ከያዙት ሆድ እንደሚነፋና ምግብ እንደሚያስጠላ፣ እኛን ያሰረን ሰው አንሶን እርስ በርሳችን ሆዳችንን እንዳሰርን ነገርኳቸው። ያን ቀን ያማረ ንግግር ነው ያደረግኩት። «ዳኛ፣ ይፍረዱ» ብዬ ዞርኩ።

ዳኛው ግድግዳውን ለቀው ቀና አሉ።

«ተከሳሹ ልክ ናቸው። ይህ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ የለም» አሉ። ቀጥለውም «ያን ሰሃን እስቲ ወዲህ በሉ፤ አብረን እንብላ» አሉ።

ፂማሙ እጃቸውን ሳመ። «አየህ፣ ለአባባ ሲሉ ጾማቸውንም ሕጉንም ተዉ» አለ ለጓደኛው። የኔ ንግግር የሳቸው ምሕረት ሆነ። እኔ ሕጉ ቢሻርም ባልዲው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። አንድም ሰው «የማን ነበር?» ብሎ እንዳያስብ ቅጣቱን መጨረስ ነበረብኝ።

ዳኛው አመሻሹ ላይ መጡና ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

ዘንድሮ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በእስር ላይ ሳሉ ስለ ወጣቶች ሲሉ ምግብ እስከ ማቆም የደረሱ» ተባለ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዤ እንደተቀመጥኩ አንድ ጎረቤታቸው ጎንበስ አለና «አብረው ነበሩ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው፤ አይበሉም ነበር» አልኩት።

ቀናሁ። የሞተ ሰው ላይ መቅናት ደስ አይልም፤ ግን ቀናሁ። ስለዚህ የሚታወቁበትን ሁሉ ቀይሬ ይህን ጻፍኩ። እሳቸው ማን እንደነበሩ አይታወቅ፤ እኔ ያደረግኩት ግን ይታወቅ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል በሆዱ ምክንያት የተቀጣ ሰው የለም። ከምሳ በኋላ ቆመን በተራ እንድንዞር ያስለመድኩ እኔ ነኝ። በየቤታችን ባቄላው አድሮ እንዲዘፈዘፍ መልእክት ያስላክሁ እኔ ነኝ። ጨጓራ ያለበት ልጅ በላ። ፂማሙም በላ፤ እስኪፈታ ድረስ ግን አባባ ማለቱን አልተወም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርሰው ቀረሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሁሉ የሠራሁት እየቀናሁ ነው።