ጥጥ ነክሼ ልታጭ ስል

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት የአባቴ የሸማኔዎች ማኅበር ዕቃ ቤት ኃላፊ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው ተባለ። ሰውየው የአባቴ እኩያ ነው። ለማኅበሩ ክር የሚያከፋፍለውም እሱ ነው፤ አባቴ እምቢ ቢለው በማግስቱ ክር የለም።

"አስገድጄ አልድርሽም" አለኝ አባቴ። "እምቢታው ግን ከእኔ አፍ አይውጣ። እነሱ ፊት አንቺው አልፈልግም በይ።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኩት። ምላሴን እስከ ሽሮ ሜዳ ያውቋታል።

ቅዳሜ፣ መጨረሻ የበቀለችው መንጋጋዬ አስቸግራኝ ተነቀለች። ሐኪሙ "ጠንካራ ነገር እንዳትነክሺ" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አጥሚት እየጠጣሁ የምውል ሰው አይደለሁም። እሁድ ጠዋት የሽምብራ ቆሎ ቆረጠምኩና ደሙ ተነሳብኝ። እናቴ ከፈትል ሙዳይዋ ባዘቶ መዛ አፌ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

"ነክሰሽ ያዢ! ትንፍሽ ብትዪ ውርድ ከራሴ!"

ሽማግሌዎቹ የገቡት ይኼኔ ነው። ሦስት ናቸው። ያበጠ ጉንጬን በነጠላ ሸፍኜ እጅ ነሳሁ።

"እንዴት ነሽ ልጄ?"

አንገቴን ደፋሁ።

"አያችሁ ጨዋነት!" አሉ አንጋፋው። "የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ስታፍር አይቼ አላውቅም።"

"ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩን አፋጠጠች ያሉን ምቀኞች ናቸው" አሉ ሁለተኛው።

አባቴ "በይ እንጂ!" በሚል ዓይን አፈጠጠብኝ። እኔ ደሜን እየዋጥኩ "እምም! እምም!" አልኩ።

"በቃ፣ ልጅቷም አልጠላችም። ተነሱ እንመርቅ።"

ከተመረቀ አለቀልኝ። ጥጡን መዳፌ ላይ ተፋሁና "አላገባም!" ብዬ ጮህኩ። ከቃሉ ጋር ደሙ ተንዠቀዠቀ፤ የአንጋፋው ጋቢ ላይ ሁሉ ተረጨ። ያልኩትን የሰማ ያለ አይመስለኝም።

"ሳንባዋን ነው!" አሉ ሦስተኛው፣ ወደ በሩ እያፈገፈጉ።

እናቴ "ኧረ ጥርሷን..." ልትል ስትጀምር አባቴ በክርኑ ጎሸማት።

"ምን ይደረግ ብላችሁ ነው" አለ ፊቱን አጨማዶ። "እያሳከምናት ነው።"

ዕለቱን ዕጮኝነቱ ቀረ። በሳምንቱ አባቴ ከድርሻው በላይ ሁለት ልቃቂት ክር ተሰጠው፤ ሰውየው አዝኖለት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ሳል፣ ሳል አደርግለታለሁ።