የጎረቤታችን ባንጆ

እናቴን ከቀበርን ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ሙዚቃ ከፍቼ አላውቅም። ዛሬ ልጄን ከትምህርት ቤት ስወስዳት ግን ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኝታ፣ የጥንት የአሜሪካ ዜማዎችን ክራር መሰል በሆነው ባንጆ የሚጫወት አንድ ወጣት ያወጣውን አልበም ከፈተች። ዝጊው ልላት ስል ክሩ ሲመታ ሰማሁና ተውኩት።

ልጅ ሆኜ እዚሁ አሜሪካ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ጎረቤታችን የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ባንጆ ይመቱ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ባላቸውን ቀብረው እኛ ጋ በመጡ ሰሞን፣ እናቴ ተቆጣች።

"ሂጂና ሐዘንተኛ አለብን፣ ዛሬን እንኳ ይተዉልን በያቸው" አለችኝ።

እትዬ ብርቄ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ተይ፣ ሰውዬው እኮ እያለቀሰ ነው። ይልቅ ማን እንደሞተበት ጠይቂልኝ" አሉኝ።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። አያታቸው ሰርግ ላይ ይጫወቱት የነበረ የጭፈራ ዜማ ነው አሉኝ። እያፈርኩ ተመልሼ ስነግራቸው እትዬ ብርቄ አልሳቁም።

"ይሁና! እሱ ይጨፍርበት፣ እኔ አለቅስበታለሁ" አሉና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። የታጨደ ሣር ሽታ ከዜማው ጋር ቤቱን ሞላው።

"ማሚ፣ ካን አይ ቴርን ኢት አፕ?" አለችኝ ልጄ።

"ድምፁን ጨምሪው" አልኳት።

ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። እኔ መንገዱ ደብዝዞብኝ ወደ ቤታችን የምንወጣበትን የጋሃናን ኤግዚት ሳላየው አለፍኩት።