አባባ ያረሙት ፋይል

ነገር ተዝረክርኮ ማየት አልወድም። ቢሮም ቤትም ያው ነኝ፤ ሰው የተወውን ዕቃ አንስቼ ቦታው ካላስቀመጥኩ እጄ አያርፍም። ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ ኖረዋል። በዚህ ጠባዬ የሠራሁት አንድ ስህተት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴ ደብረ ወርቅ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ መጡ። ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ጋቢና አንድ ዳዊት ነው፤ ትልቁን ነገር የያዙት በልባቸው ነበር። ማን ከማን ቅኔ እንደተማረ፣ የት ወንበር ዘርግቶ እንዳስተማረ፣ የት እንደተቀበረ፣ የብዙ ትውልድ መምህራንን ታሪክ በቃላቸው ያውቃሉ። "አብሮኝ እንዳይቀበር ጻፊልኝ" አሉኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ መተየብ እንጀራዬ ነውና እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የነገሩኝን በደብተር ይዤ በምሳ ሰዓት በቢሮው ኮምፒውተር ተየብኩት። ኋላ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁና ሁሉንም በፍላሽ ወደ ቤት አመጣሁት። ከሥራ ስመለስ አነብላቸዋለሁ፣ እርሳቸው ያርማሉ፣ እኔ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክላለሁ። "እዚያ አይደለም የተቀበሩት፤ ከወንዙ ማዶ ነው" ይሉኛል። ረቂቁ ላይ ስም አምልጦኝ "ስማቸው ይጣራ" ብዬ ባለፍኩበት ቦታ ሁሉ ስሙን ሳያመነቱ ይሞሉልኛል።

በዚያ ሰሞን ነው የኮምፒውተሩ ቀን ያናደደኝ። እኛ ሰኔ ላይ ሆነን እሱ የፈረንጆቹን ወርና ዓመት ይቆጥራል። በገዛ ቤቴ ምን ሲደረግ ብዬ ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ወደኛ መለስኩት። ጳጉሜን የማስገባበት ቦታ ግን ስላልነበረው፣ ወሩ ሲደርስ ሳልከፍተው አሳለፍኩ። አባባ ይህን ስነግራቸው "ደግ ነው፣ እሱም ሱባዔ ይግባ" ብለው ሳቁ።

እርማቱን እንደጨረስን አባባ ታመው ተኙ፤ ሥራው ከዓመት በላይ ቆመ። ከአልጋ ሲነሱ ድምፃቸው ያው ነው፣ ነገር ግን ይዘነጋሉ። ዳዊት የደገሙበትን ሰዓት ረስተው እንደገና ይጀምራሉ። ፈራሁ። መጽሐፉ እርሳቸው እያሉ መታተም አለበት ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ኮምፒውተሩን ስከፍት ፋይሉ ተራብቶ አገኘሁት። "መጽሐፍ" የሚል ፎልደር አለ፤ "መጽሐፍ አዲስ" አለ፤ "መጽሐፍ የመጨረሻ" አለ፤ "እውነተኛው የመጨረሻ" የሚልም አለ። በየፎልደሩ ውስጥ ያው አንድ ምዕራፍ ሦስትም አራትም ጊዜ ተቀምጧል። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸውና ከየምዕራፉ የቅርቡን እያስቀረሁ ሌላውን አጠፋሁ። ሲያልቅ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ያን ቀን ገበያ ወጥቼ ለራሴ ነጠላ ገዛሁ፤ እንዲያ ነበር ደስታዬ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትሜ ሳነብ፣ ከወንዙ ማዶ የተቀበሩት መምህር ወደ ቀድሞው ቦታ ተመልሰዋል። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ "ስማቸው ይጣራ"። ሦስተኛውም ያው። ቢሮ የተተየበው ረቂቅ የፈረንጅ ዓመት አለው፤ ቤት ያረምነው የኛ ዓመት አለው። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ ረቂቁን በብዙ ዓመት የቅርብ አድርጎ ከላይ ደርድሮታል። የታረመውን አሮጌ ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ወደ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት፤ ሁለት ቀን ይዞት ቆየና የሚመለስ ነገር የለም አለኝ።

አባባ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

"አባባ፣ ያረምነውን ሁሉ አጠፋሁት።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ሳጸዳ።"

"ሃምሳ ዓመት በልቤ ተሸክሜ አንድ ሳልጥል፣ አንቺ በሳጥን ቆልፈሽ ጣልሽው?" አሉ። በትራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱና "በይ ከመጀመሪያው አንብቢ" አሉ።

የዚያኑ ዕለት የኮምፒውተሩን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ መለስኩ። ሁለት ፎልደር ብቻ ከፈትኩ፤ "ያልታረመ" እና "የታረመ"። በየፋይሉ ስም ላይ ያረምንበትን ቀን በራሴ ጽፌ ጨመርኩ። አንድ ቅጂ ቢሮ፣ አንድ በፍላሽ፣ አንድ ቤት። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ማንበብ እጀምራለሁ። አባባም አልታከቱም፤ ሲደክማቸው ጋደም ብለው ያርማሉ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ያለ ስህተት መለሱልኝ። ምንም አልጠፋም ማለት ነው ብዬ ልቤ ተመለሰ።

የመምህራቸው መምህር ታሪክ ላይ ደረስን። "ስማቸው ይጣራ" ብዬ አነበብኩ።

"ይኸው እኮ፣ አፌ ላይ ነው" አሉ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣላቸውም። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። ሁለት አረጋውያን ካህናት ሁለት የተለያየ ስም ነገሩኝ። ሁለቱንም ይዤ ስመለስ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይደሉም። እሳቸውም አይደሉም።"

"አንዱን እናስገባ፣ ማን ያውቃል?" አልኩ፤ ድካም ነው ያናገረኝ።

"እኔ አውቃለሁ። ስማቸው ጠፋ ብለን የሌላ ሰው ስም እናልብሳቸው? ስማቸውን ረሳሁት ብለሽ ጻፊ።"

"የረሱት እርስዎ አይደሉም! ነግረውኝ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" እንባዬ ቀደመኝ።

"መጽሐፉ የኔ ነው፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ጻፊና ወደሚቀጥለው እለፊ።"

ጻፍኩ። አለፍን። እስከ መጨረሻው አደረስነው።

መጽሐፉ ታትሟል፤ አባባም አርፈዋል። ያን ገጽ የሚያነብ ሁሉ የሽማግሌ ዝንጋታ ይመስለዋል። እኔ ግን ያን ስም ከአፋቸው ሰምቼ፣ በእነዚህ ጣቶች ፊደል በፊደል ተይቤዋለሁ። ኮምፒውተሩ ይዞታል ብዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ አልደገምኩትም።