ጋሽ አንጁሎ ሰዓት የሚረከብ ሲፈልጉ

የጂንካ ሰው በሐበሻ ቀጠሮ ነው የሚኖረው፤ አይደለም የሚል ካለ ጂንካን አያውቃትም። ያም ሆኖ ገበያው ዳር ባለችው በጋሽ አንጁሎ ሰዓት መጠገኛ የተሰቀለውን ባለ ፔንዱለም ሰዓት ሳያይ የሚያልፍ የለም። ባጃጅ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን ያሰግጋል፤ ወደ ቱርሚ የሚወጣው የጭነት መኪና ረዳትም ስንት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ሰዉ የሚያረፍደው እንኳ በጋሽ አንጁሎ ሰዓት ነው።

ጋሽ አንጁሎ ያንን ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሳውላ የመጡት በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነበር። ያኔ የሚያስተካክሉት በሬዲዮ ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከከተማው የሬዲዮ ድንጋይ ጠፋ። እሳቸውም የጎረቤታቸውን የመምህር ፋንታሁንን የእጅ ሰዓት ጠየቁ። የእጁ ሰዓት ሌላ፣ የግድግዳው ሌላ ይላል። የተሳሳተው የቱ ነው? ያንተ ነው፣ የለም ያንተ ነው ሲባባሉ ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም። መጽሐፉ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ይጸናል ይላል፤ በሰዓት ነገር ግን ሁለት ምስክር ጠብ እንጂ ፍርድ እንደማያመጣ ያን ክረምት ገባቸው።

ዘንድሮ ዓይናቸው ደከመ። ሱቁን መዝጋቱን እንደምንም ተቀብለውታል። የሚያንገበግባቸው የከተማውን ሰዓት ለማን እንደሚያስረክቡት ነው። ስልክ አለ አይደል ሲሏቸው፣ ስልኩስ ከማን ሰምቶ ነው የሚናገረው ይላሉ፤ ይህን የሚመልስላቸው አላገኙም።

መልሱ ከገዛ ቤታቸው መጣ። ልጃቸው ዮዲት የአንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተሮችን ትጠብቃለች። ኮምፒውተሮቹ ሰዓት የሚጠይቁት አንድ ሰርቨርን፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ለሌሎች ማሽኖች ሰዓት የሚነግር ኮምፒውተርን ነበር፤ እሱ ሳይሰናበት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሰዓት በራሱ መንገድ ሄደ። ሐኪሙ መርፌውን ከማዘዙ በፊት ነርሷ ወግታ ጨርሳለች የሚል መዝገብ መጣ። አሁን ዮዲት ለብዙ ዓመት የሚታመን ሰርቨር እየመረጠች መሆኗን እራት ላይ ስታወራ፣ ጋሽ አንጁሎ ጉርሻቸውን ረስተው ጠየቋት። ማን ነው? የት ይቀመጣል? መብራት ሲጠፋስ?

"እሱስ ማንን ይጠይቃል?"

"ከሱ በላይ ያለውን። ያም ከበላዩ ያለውን። መጨረሻ ላይ በአቶም የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ እዚያ ላይ ያቆማል አባዬ።"

ካላየሁ አላምንም ብለው በማግስቱ ክሊኒኩ ድረስ ሄዱ። ዮዲት ከሰርቨሩ የመጣውን ቁጥር አጉልታ አሳየቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ የእጃቸው ሰዓት ደግሞ ስድስት። ይሄ ሰርቨርሽ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ስቷል ብለው ሳቁባት። እሷም ሰርቨሩ ለዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት በአንድ ቋንቋ እንደሚናገር፣ ወደየአገሩ ሰዓት የሚያስተረጉመው የየአገሩ ኮምፒውተር እንደሆነ ነገረቻቸው። ይሄ ወዲያው ገባቸው። በአካባቢው ቋንቋ በአሪኛ ተነግሮ በአማርኛ ሲተረጎም ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ለዋስ የሚመጣ ሰው ይመስል ሰርቨሮቹን ይመረምሩ ጀመር። ስንት ዓመት ኖረ? የሚያስተዳድረው ማን ነው? ሊዘጋ ሲል ይናገራል? ዮዲት ስለ ፍጥነቱ ስታወራ እሳቸው ስለ ዕድሜው ይጠይቃሉ። እሷ ግን አራት ለመውሰድ ቆርጣ ነበር፤ አራቱንም የተለያዩ ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸውን። ለምን አራት ሲሏት የሥራውን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ተርጉማ አነበበችላቸው፤ ሁለት ብቻ አታድርጉ፣ ሲለያዩ እውነተኛውን ማወቅ አይቻልም ይላል። ጋሽ አንጁሎ ደስታቸው ወሰን አጣ። ከፋንታሁን ጋር የተጨቃጨቁበትን ነገር ፈረንጅም ደርሶበታል!

ዮዲት ከአራቱ የሚሰማ አንድ ኮምፒውተር ክሊኒኩ ውስጥ አቆመች፤ ኔትወርክ ሲጠፋም የቀሩት እሱን እየሰሙ አብረው ይሄዳሉ። ሥራዋ ሰመረ። ግን ያን ሰሞን ከአባቷ ሱቅ ፊት ስታልፍ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ታሸሽ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ይህን ለማየት ዓይናቸው አልደከመም። አንድ ጠዋት ጠሯት።

"ወደ ኋላ ቀርቷል አይደል?"

"ትንሽ። አራት ደቂቃ።"

"አራቱም ምስክሮች ተስማምተዋል?"

"ተስማምተዋል አባዬ።"

ጋሽ አንጁሎ ወንበር ላይ ወጡ። ሐዘን ቢጤ ተሰማቸው፣ ደግሞም ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለል አላቸው። መስታወቱን ከፍተው፣ ዮዲት ከስልኳ እያየች አሁን ስትላቸው፣ የደቂቃ ቆጣሪውን ወደ ፊት ገፉት። ባጃጅ ነጂው እዮብ ከመንገድ ሆኖ አያቸው።

"ጋሼ፣ ሰዓቱ ተበላሸ እንዴ?"

"ሰዓቱ ደህና ነው" አሉት። "ጠባቂው ነው የተለወጠው።"

እዮብ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየና፣ ረፍዶብኛል ብሎ ነዳ።