ጣውንቷ ዝም ስትል

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። የሰው ሙሽራ ሲያስውብ፣ የሰው አማት ዕንባ ሲቆርጥና ሲቀጥል የራሱ ፀጉር ገብስማ ሆኗል። ኮምፒውተሩን የገጣጠመው እንደ ድሃ ቤት ነው፤ ዘንድሮ አንድ ዕቃ፣ ከርሞ ሌላ ዕቃ። ሁሉም ተለውጦ ያልተለወጠው ዕቃዎቹን ያቀፈው ሳጥን፣ ኬዙ ብቻ ነበር፤ ጎኑ የተጣመመ፣ እንዳይንቀጠቀጥ ካርቶን አጥፎ የወተፈበት፣ ሥራ ሲበዛበት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ቆርቆሮ።

ሚስቱ ያንን ኮምፒውተር «ጣውንቴ» ትለዋለች። ጤነኛ ሳለች፣ «ጣውንቴ ትናንት አንኮራፍታ ልትገድለኝ!» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

ከዚያ ታመመች። ሕመሙ የማይመለስ ዓይነት እንደሆነ ሐኪሙ ለሁለቱም ፊት ለፊት ነገራቸው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ተከፍላ ወዲያ አልጋ፣ ወዲህ የሥራ ጠረጴዛ። የቀረላት ደግ ነገር ቀን ቀን መድኃኒቷን ውጣ የምትተኛት እንቅልፍ ነበረች። ታዲያ የዱሮው ቀልድ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር። «ይህችን እንቅልፍ እንኳ እኔ ልቀማት?» አለና ኬዝ ሊገዛ ወጣ።

ባለሱቋ አፈ ጮሌ ናት። «ይኸኛው ጎኑ መስታወት ነው፤ መብራቱን ሲያበሩት የሠርግ አዳራሽ ይመስላል» አለችው።

«አዳራሽስ ጠግቤያለሁ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ይኼ። ፊቱ ወንፊት ነው፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል፣ ዕቃዎ አይግልም።»

«ድምፁስ?»

«ነፋስ የገባበት ድምፅም ይወጣበታል፣ ጋሼ። ድምፅ ካልፈለጉ ያ ጥቁሩ አለ፤ ውስጡ በስፖንጅ የተለበጠ ነው። ግን ይሞቃል፣ ይከብዳልም። ሁሉንም ባንዴ የሚሰጥዎ ካገኙ ለኔም ይንገሩኝ።»

እንደ ሐብሐብ ገዢ ጥቁሩን በጣቱ አንኳኳው። ድፍን ያለ ድምፅ መለሰለት። በቃ፣ ወደደው። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ፍሪጅ የተሸከመ እስኪመስለው ድረስ እያለከለከ ቤት አደረሰው።

ሚስቱ እንደተኛች ዕቃውን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወረ። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ሲያበራው፣ ፊቱ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት ብልጭ ከማለቷ በቀር ሕይወት ያለውም አይመስል። «እሰይ» አለ በሹክሹክታ።

ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «የት ሄድክ?» አለችው።

«እዚሁ ነኝ፣ እሜቴ። ተኚ።»

ተኛች። ደግሞ ነቃች። «አለህ?» በማግስቱም እንዲሁ፤ ዓይኗ ከደን ይልና ይበረግጋል። ሕመሙ የባሰባት መሰለው። አንድ ቀን ከሥራው ቀና ሲል፣ መጋረጃውን ጨብጣ ቆማለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሽ ነው የተነሣሽው?»

«ወጥተህ የሄድክ መስሎኝ።»

«የት እሄዳለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጣውንቴ ዝም አለች።» ደግፎ አልጋዋ ላይ ሲያስቀምጣት ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «ስታንኮራፋ እኮ አንተ አጠገቧ አለህ ማለት ነው። እሱን እየሰማሁ ነበር የምተኛው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው ዝም ያሰኘኋት።»

«ማን ላከህ?» አለችና ፈገግ አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ የኖረ ሰው ቀልድና ስሞታ አይለይም? በል ጣውንቴን መልስልኝ።»

ምን ያድርግ፤ የዚያን ውድ ኬዝ ጎን ፈትቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ብሎኖቹንም ባዶ የመድኃኒቷ ብልቃጥ ውስጥ ጨመራቸው። ሥራውን ሲጀምር ማጓራቱ ተመለሰ። ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሿ ረዘመ፣ ተስተካከለ። እንደዚያ እየተኛች ሰነበተች። አንድ ከሰዓት በኋላም፣ ኮምፒውተሩ እያጓራ፣ እንደተኛች ቀረች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የሚስቱ ወንድም የተከፈተውን ኬዝ አየና፣ «አቧራ ይበላዋል፤ ዝጋው እንጂ» አለው። እውነቱን ነው። ከእንግዲህስ ማን ይሰማል? ብሎኖቹን ከብልቃጡ አራግፎ ዘጋው። የሰው ሠርግ ይጠብቀዋልና ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሙሽራ ትስቃለች። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

«የት ሄድሽ?» አለ አፉ፣ ሳያስበው።

ወደ መጋረጃው አየ። ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ የኬዙን ጎን መፍታት ጀመረ።