አንሴልሞ ቅጥሩን የዞረበት እሑድ

የሮካቬርናው አንሴልሞ ያልሰደበው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ሙያው ግንበኝነት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የመንደራችንን አሮጌ ቅጥር ሲጠግን ኖረ፤ ከቅጥሩ የሚወድቀውን ድንጋይ ግማሹን መልሶ ይሰካል፣ ግማሹን ለራሱ ዶሮ ቤት ያግዛል። «ዶሮዎቼ እንደ መሳፍንት ነው የሚኖሩት» ይላል፣ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። ብቻውን ማለት እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲነታረክ ይውልና ለመኝታ ብቻ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

ዘንድሮ ግን ጉልበቱ ከዳው። የፋሲካ ማግስት ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ወሬው ፔሩጂያ ከተማ ያለችው ልጁ ቪልማ ጆሮ ደረሰ፤ እሷም እሑድ ጠዋት ከተፍ አለች።

«አባዬ፣ በቃ። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሱር አለው፣ በረንዳ አለው።»

«በረንዳ! ከበረንዳ ላይ ሆኜ ማንን ልስደብ? መኪናውን?»

«ወድቀሃል እኮ!»

«የወደቀው ደረጃው ነው። እኔ ተከትዬው ነው።»

ጠዋቱን ሙሉ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። ከምሳ በኋላ አብረው ቅጥሩን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ሳይቀመጥ ከዞረ እዚሁ ይቀራል፤ አንዴ ቁጭ ካለ ግን ሻንጣውን ይሸክፋል። አንሴልሞ በሚስቱ መቃብር ማለ። ዳገቱ ትዝ ያለው ከማለ በኋላ ነው። ቡና ልጠጣ ብሎ ወጣና ጉዱን ለቡና ቤቷ ባለቤት ለኦንዲና አወራላት። ለኦንዲና መንገር ማለት ደግሞ ደወል መደወል ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሮካቬርናዎች እየሄድን ቁም ነገር አናወራም። ሊናገር ያሰበ ሰው ይቆማል፤ አብሮት ያለውም ይቆማል። እየተራመዱ መልስ መስጠት ንቀት ነው፣ ለዚህ የተኮራረፉ ቤተሰቦች አሉ። ጎብኚ ካሜራውን አንጠልጥሎ ቅጥሩን በአንዴ ዞሮ ይጨርሰዋል፤ ለኛ ግን ከምሳ እስከ ራት ነው።

ገና ታችኛው በር ሳይደርሱ ኦንዲና መንገዱን ዘጋችው።

«አንተ የድንጋይ ሌባ! አሁንም አልሞትክም?»

አንሴልሞ ቆመ። «ቡና ብለሽ የምትሸጪውን እየጠጣሁ እንዴት እንዳልሞትኩ እኔንም ይገርመኛል።»

ኦንዲና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስለ ቡናዋ፣ ስለ እናቷ ቡና፣ ስለ አያቷ ቡና አወራች። ስትጨርስ የአንሴልሞ ትንፋሽ ተመልሶ ነበር።

ቀጥሎ ኡባልዶ ነው፣ ጡረታ የወጣው ባለ ሉካንዳ። በአንድ በግ ሥጋ ምክንያት ከአንሴልሞ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። መቃብር ቦታ ሲገናኙ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዛሬ ግን ከቤቱ ወጥቶ መንገዱ መሃል ተገትሯል።

«ያ በግ ሽማግሌ አልነበረም!» አለ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«በጉማ ከአባትህ ጋር አብሮ ሳይዘምት አይቀርም!»

እንዴት ያለ ጠብ ነበር መሰላችሁ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ሲለያዩ የኡባልዶ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከንዴት ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል።

ቄሱ ዶን ኤርኮሌ ክርስትና እያነሱ ነበር። አንሴልሞ ማለፉን ሲያዩ ሕፃኑን እርጥቡን ለእናቱ አቀብለው ደጅ ወጡ።

«አንተ አንሴልሞ፣ ንስሐ የምትገባው መቼ ነው?»

«ስንቅ ቋጥረው ከመጡ ነገ፣ አባ። በባዶ ሆድ አይዘልቁትም።»

ቪልማ እጇን አጣምራ ትሰማለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱ ጀመረ። እዚያ ሰው የለም። የቤቶቹ ባለቤቶች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ከተማ ገብተዋል፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። የሚሰድበው ቀርቶ የምታልፍ ድመት እንኳ የለችም። አንሴልሞ ወጣ፣ ወጣና ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከቅጥሩ ሥር የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው። የሠራውን እጅ ረገመ። አራተኛው ፎቅ ታየው፣ አሳንሱሩ ታየው፣ ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። እጁን ወደ መቀመጫው ሰደደ።

«እኔ የምልህ» አለች ቪልማና ቆመች።

እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ምን?»

«የሰርጌ ቀን ለምንድን ነው ያላለቀስከው?»

«ኧ?»

«የሰው አባት ሁሉ ያለቅሳል! አንተ የአማቴ ቤት ግድግዳ ተጣሟል እያልክ ለእንግዳው ሁሉ ታሳይ ነበር!»

«ተጣሞ ነበራ!»

«ይጣመም! የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባህ?»

ከሰርጓ ወደ እናቷ ቀብር ተሻገረች፤ ከቀብሩ ተመልሳ በልጅነቷ እጠግንልሻለሁ ብሎ ዶሮ ቤት ጥሎ ወዳስረጀው ብስክሌቷ ሄደች። እጇን እያወናጨፈች ጮኸች፣ ባዶው ዳገት አስተጋባ። ዓይኗ ግን ከአባቷ ጉልበት ላይ አልተነሳም። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ድረስ ጮኸች።

አንሴልሞ ያኔ ገባው።

«ጨረስሽ?» አላት።

«ገና መቼ ጀመርኩና!» አለችና ጥቂት ተራምዳ እንደገና ቆመች።

ላይኛው በር ሲደርሱ ጀምበር ዘቅዝቃለች፣ የቪልማም ድምፅ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ያን ዕለት ወደ ፔሩጂያ ብቻዋን ተመለሰች።